ጠመንጃ ካለ አንቀዝፍም

ልጄ የተወለደችው በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሁለት ቀን ነው። በደርግ ዘመን ያቺ ቀን የአብዮት በዓል ነበረች። ባሕር ዳር ውስጥ መቆም የሚችል ሁሉ ሰልፍ ይወጣል፤ መንገዱ ከጧት ጀምሮ ይዘጋል። ምጤ የመጣው መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከእሷ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሼ ሳይደርስ ወርዶብኛል። ስለዚህ እሷን ስፀንስ ለእመቤታችን ተሳልሁ። ቤታችን ጣና ዳር ነው። ከአጥራችን ቆሞ ለሚያይ አንዲት ደሴት ትታያለች፤ ደሴቲቱ ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። እናቴ እኔን ክርስትና ያስነሣችኝ እዚያ ነው። «ይቺን በሕይወት ከሰጠሽኝ፣ ክርስትና በምትነሣበት ቀን በታንኳ ይዣት እመጣለሁ» አልኋት። ሌላ አልጨመርሁም።

ምጡ ጠና። ፋብሪካ የሚሠራው ባለቤቴ መኪና ፍለጋ ወጣ። የመንገድ ጠባቂዎች መለሱት። «ሰልፉ ሳያልፍ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም» አሉት። አጥር ለአጥር የምንጎራበተው አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። ያን ቀን እሱም ከሰልፈኛው ጋር መቆም ነበረበት። ሚስቱ ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ ሄዳ ነገረችው። ማንንም አልጠየቀም። የአለቃውን ጂፕ አስነሥቶ መጣና እኔን ጭኖ በሰልፉ መካከል ነዳው። ከኋላ ተጋድሜ የማየው የባንዲራ ጫፍ ብቻ ነበር። ሰው ግራና ቀኝ ሲዘልል፣ ጥሩምባው መሐል ላይ ሲቋረጥ ሰማሁ። ልጄም እኔም ተረፍን። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ» አለና ተወው።

ሃምሳ አለቃውን አሰሩት። ሲፈታ ማዕረጉ ወርዶ አሥር አለቃ ሆኖ ነበር። በሰፈራችን ግን አሥር አለቃ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ሚስቱ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ «አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከትከሻው ላይ ወሰዱበት። ትከሻውን ትተውለታል፤ ተመስገን ነው» አለችኝ። ስፌቴ እያመመኝ ሳቅሁ። ያን ዕለት የልጄ የክርስትና እናት እንድትሆን ጠየቅኋት፤ እሺ አለችኝ።

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ የሚያነብ ሰው በኋላ በሚመጣው ነገር በሃምሳ አለቃው ላይ ፈጥኖ እንዳይፈርድ ነው።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እናቲቱም እስከዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ከመስከረም ሁለት ሲቆጠር ሰማንያኛው ቀን ኅዳር ሃያ አንድ ይውላል፤ ኅዳር ጽዮን። ቀኑን እኔ አልመረጥሁትም። እሷ መርጣዋለች ብዬ አምኜ ተቀመጥሁ።

ጥቅምት ላይ ጉማሬዋ መጣች።

አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ሁልጊዜም አለ፤ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያን ዓመት ግን አንዲት እናት ጉማሬ ልጇን ይዛ የእኛ ሰፈር ታንኳ በሚገባበት አፍ ላይ ተቀመጠች። ግራውም ቀኙም ደንገል ነው፤ ታንኳ የሚያልፈው በመካከሉ ባለው ጠባብ ውሃ ነው። ልጅ የያዘች ጉማሬ የሚጠጋትን ሁሉ ጠላት ታደርገዋለች። አንድ ታንኳ እስከ ዳር አሳደደች። ከዚያ በኋላ ከደሴቲቱ እንጨትና ጌሾ የሚያመጡት ሰዎች እኛ ዘንድ መግባት ተዉ፤ እኛም መውጣት ተውን።

ሽማግሌዎች ከአጥራችን ውጭ ባለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ልጄን አቅፌ ከአጥሩ ውስጥ እሰማለሁ። የታንኳ መቆሚያ ያላቸው ሦስት ሰፈሮች ሰው ልከዋል፦ የእኛ፣ የእንጨት ገበያው፣ ከአባይ ማዶ ያለው። የቀበሌውም ሰው አለ። የነፍስ አባቴ በጸሎት ከፈቱ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተናገሩት ሽማግሌው ታንኳ ሠሪ ናቸው። እስላም ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳሩ ላይ ደንገል ሲያስሩ አውቃቸዋለሁ።

«ጉማሬ ብቻውን የመጣ ታንኳ ትገለብጣለች፤ ብዙ ታንኳ ከመጣ ልጇን ይዛ ትሸሻለች። ስለዚህ ከሦስቱም ሰፈር ያለው ታንኳ ሁሉ በአንድ ቀን ይውጣ። ጣሳ እየመታ ወደ ሰፊው ውሃ ይሸኛት። ሁሉም ካልወጣ ግን ማንም አይውጣ።»

«ተኩስስ?» አለ አንዱ።

«ተኩስ የለም። የቆሰለች እንደሆነ ማን ይችላታል?»

ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን ይዞ ከዳር ቆሞ ነበር። «ይህ ሁሉ ሸንጎ ለአንድ ጉማሬ ነው? አንድ ጥይት ይበቃል» አለ።

«ለአንተ ይበቃሃል። ለእሷ መብቃቱን ጠይቀሃታል?»

«አባባ፣ ተተኩሶበት የሚነሣ አላየሁም።»

«አንተስ? እያነከስክ አይደለም እንዴ ከጦር ሜዳ የመጣኸው?»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከሁለት ዓመት በፊት እግሩን ተመትቶ ነው ወደ ባሕር ዳር የተመለሰው። የነፍስ አባቴ መስቀል አወጡ፤ ሽማግሌው በራሳቸው ሃይማኖት ማሉ፤ የቀበሌው ሰው በአብዮቱ ስም ቃል ገባ። «ቅዳሜ ጧት» ብለው ተለያዩ። እኔም ስለቴ ደረሰ ብዬ አመሰገንሁ።

ቅዳሜ ጧት የእኛ ሰፈር ታንኳዎች ተሰልፈው ቆሙ። ከእንጨት ገበያው ግማሾቹ መጡ። ከአባይ ማዶ ግን አንድም አልመጣም። ፀሐይ ከፍ ሲል አንድ መልእክተኛ ልከው እንዲህ አስባሉ፦ «ከእናንተ ውሃ ስታባርሯት ወዴት ትሄዳለች? ወደ እኛ ነው። እኛ አልተስማማንም።»

«ምላችሁ የለም?» አሉት።

«ምለናል፤ በኋላ አሰብንበት።»

በኋላ ሰው እንደሚያወራው፣ ወደ እኛ መግባት ያቃታቸው የደሴቲቱ ሰዎች እንጨታቸውን እነሱ ዘንድ ነበር የሚያራግፉት። ገበያው ሞቆላቸዋል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሁሉም ካልወጣ ማንም አይውጣ ተብሎ ነበርና ሰው ጣሳውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ደሴቲቱን አየኋት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንድ ነገር ይመላለስብኝ ጀመር። ሁሉም የማለበት ነገር በአንድ ሰው እንቢታ የሚፈርስ ከሆነ፣ የማሉት በማን ላይ ነው?

ባለቤቴን ጠየቅሁት። እሱ በዚያ ሰሞን ከሬዲዮው አይለይም ነበር። በክረምቱ አንድ ጦረኛ አገር ትንሿን ጎረቤቱን በአንድ ቀን ወሮ ይዟት ነበር፤ የዓለም ወሬ እሱ ነው። የእኛም አገር ጦርነት ላይ ናት፤ ከሐሙሲት ገበያ የሚመጡ ሰዎች ወታደር የጫነ መኪና ወደ ላይ ሲያልፍ ማየታቸውን በዝግታ ይነግሩናል። የእኛን ሬዲዮው ብዙ አያወራም። የዚያችን አገር ግን ጧትና ማታ ያወራል።

«ለመሆኑ ማን ይፈርድላታል?» አልሁት።

«የዓለም መንግሥታት የሚቀመጡበት ሸንጎ አለ። አንዱን የነካ ሁላችንን ነካ ተባብለው ተፈራርመዋል።»

«እንደኛ።»

«እንደኛ። የእኛም አገር ሰው ዘንድሮ ከሚቀመጡት አንዱ ነው።»

ይህ ገረመኝ። የራሳችን ቤት እየተቃጠለ የሰው ቤት እሳት ላይ ፈራጅ መሆናችን ገረመኝ እንጂ አልከፋኝም።

«ሁሉም ካልተስማማስ?»

«አምስት ትልልቆች አሉ። ከአምስቱ አንዱ እንቢ ካለ ነገሩ ይቀራል።»

«ከአባይ ማዶ ያሉት ናቸዋ።»

ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። «አዎ። እያንዳንዳቸው ከአባይ ማዶ ናቸው።»

«ከተስማሙስ ማን ይሄድላታል?»

«ሠራዊት ያለው።»

«የሌለውስ?»

«እጁን ያወጣል።»

አባቴ ትዝ አለኝ። በጣልያን ጊዜ ትንሿ አገር እኛ ነበርን። ንጉሡ ፈረንጅ አገር ድረስ ሄደው የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አቤት ብለዋል። አባቴ ይህን ሲያወራ አይቆጣም፤ እንደ ተረት ነበር የሚያወራው። «ማኅበሩ ሰማ፤ አዘነ፤ ሻይ ጠጣ፤ ተበተነ» ይለን ነበር። ልጆች ሳለን «ሻይ ጠጣ» የሚለው ላይ እንስቃለን። አሁን ልጄን እያጠባሁ ሳስበው፣ ሻይ የጠጡትም ሰዎች ክፉዎች ላይሆኑ ይችላሉ አልሁ። ከአባይ ማዶ ያሉትን አውቃቸዋለሁ። ልጄ ስትወለድ እንቁላል ልከውልኛል።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ አለቃው ተኮሰ።

ጧት ነው። ልብስ ሳጥብ ነበር። ጥይቱ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ወፍ ሁሉ ከደንገሉ ተነሣ። ሮጬ ስወጣ እሱ ዳሩ ላይ ተንበርክኮ ውሃውን ያያል። ውሃው ላይ ደም ነበር።

«ተገላገልሽ፣ እህቴ» አለኝ። «ጽዮንን በሰላም ትሻገሪያለሽ።»

ማንንም አልጠየቀም። እንደ ጂፑ ቀን።

የሞተ ጉማሬ መጀመሪያ ይሰጥማል፤ ውሎ አድሮ ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ ሰው ዳሩ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ሃምሳ አለቃው ቢላዋውን ስሎ መጣ። ከጉማሬ ቆዳ አለንጋ ይወጣል፤ የጦር ሰፈሩ አለቆች የሚወዱት አለንጋ ነው። ማዕረጉን ለወሰደበት አለቃ አንድ ሊያበረክት አስቧል። ሚስቱ ነገረችኝ። «በአለንጋ ይመልሱልኛል ይላል» አለችና ራሷን ነቀነቀች።

ሽማግሌው ታንኳ ሠሪ መጡ። ደሙን አዩ። «ሬሳዋን እስክናይ ድረስ ማንም ውሃ አይግባ» አሉ። ሁሉም እሺ አለ። ዳር ያለው ሁሉ ሰማ፤ ውሃ ላይ ያለው ግን አልሰማም። አንድ የደሴቲቱ ሰው ጉማሬዋ ተገደለች መባሉን ከእንጨት ገበያው ሰምቶ፣ ከስንት ቀን በኋላ ደስ ብሎት ወደ እኛ ይቀዝፍ ነበር። እዚህ ዳር ላይ ያለን ሰዎች እጃችንን እያወዛወዝን «ተመለስ! ተመለስ!» ብለን ጮህን። እሱ ደስ ብሎን መስሎት እጁን አወዛወዘልን።

ከሥሩ ነው የተነሣችበት። ታንኳው ተገለበጠ፤ እንጨቱ ተበተነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ተረፈ፤ ክንዱ ግን ተሰብሯል። ሃምሳ አለቃው ራሱ እስከ አንገቱ ገብቶ ጎትቶ አወጣው። ተሸክሞ ወደ ወጌሻ ሲወስደው ፊቱን አየሁት፤ በጂፑ ቀን ሲጭነኝ ያየሁት ፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ የጉማሬዋ አመል ተለወጠ። ድሮ አንዳንድ ጊዜ ራቅ ትል ነበር፤ አሁን ከዚያ አፍ አትነሣም። ሞተች ሲባል ሰምተው፣ ክንዱ ከተሰበረው ሰው ቀድመው ለገበያ የገቡ የደሴቲቱ ታንኳኞች እኛ ዘንድ ታግተው ቀሩ። ታንኳዎቻቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው እያደረቁ፣ ቀን ቀን ሾላው ሥር ይቀመጣሉ። ጽዮን ለእነሱም የአጥቢያቸው ክብረ በዓል ናት።

ባለቤቴ፣ «እመቤታችን እዚህ ከተማም ውስጥ አለች» አለኝ።

«አለች። ስለቴ ግን እዚያ ነው።»

«ልጅቷ ብትሰጥምብንስ?»

ልጄን ወደ ጡቴ አስጠጋኋት። ሰማንያኛው ቀን አንዴ ካለፈ አልፏል፤ ሕፃን ደግሞ ነገ የሚሆነውን አያውቅም። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝ? ይዣት ወጥቼ ብትሰጥምብኝ? ሁለቱን እያሰብሁ ወተቴ ቀነሰ።

የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ጂፑን ሲያስነሣ ማንንም አልጠየቀም፤ እኔ በዚያ ተርፌያለሁ። ሲተኩስም ማንንም አልጠየቀም። አንዱን እያመሰገንሁ ሌላውን እንዴት ልኮንነው?»

ተቀመጡና ጠየቁኝ። «ጂፑን ያስነሣው ለማን ብሎ ነው?»

«ለእኔ።»

«የተኮሰውስ?»

«ለእኔም ነው፤ ለአለንጋውም ነው።»

«እንግዲያ እኔም አልለየሁትም። ጸልዪለት» አሉኝና መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። የማያውቁትን አላውቅም ማለታቸው አሳረፈኝ።

በዋዜማው ሽማግሌው ታንኳ ሠሪ አጥራችን ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ትሻገሪያለሽ?»

«የሚሻገር ሰው ካለ አብሬ እሻገራለሁ፣ አባባ።»

«የደሴቲቱ ሰዎች ነገ ጧት ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው። ዝም ብለው ቢቀመጡ እንደማይሻላቸው ገብቷቸዋል። ታንኳዎቹን ጎን ለጎን አስረን እንደ አንድ ወለል እናደርገዋለን። አንቺና ልጅሽ መካከል ትሆናላችሁ። ከአባይ ማዶ ያሉትን ጠየቅሁ፤ አሁንም አሰቡበት።» ፈገግ አሉ። «እኛ ግን የምንሄደው ልናባርራት አይደለም፤ ልናልፍ ነው። ለማለፍ የሁሉም ፈቃድ አያስፈልግም።»

በዚህ መካከል ሃምሳ አለቃው ከቤቱ ወጣ። ሰምቷል። «እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ብቅ ስትል አናቷን እላታለሁ። ሚስቴ እኮ ናት የክርስትና እናቷ።»

ሽማግሌው ወደ እሱ እንኳ አልዞሩም። «ጠመንጃ ካለ አንቀዝፍም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ታንኳ ላይ ቆመህ ስትተኩስ ታንኳው ይወዛወዛል። እሷን ትስታለህ፤ ሕፃኗ ትወድቃለች። ባትስትም ልጇ አለ። ጠመንጃ ካለ አንቀዝፍም።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ልጅ የእኔ፣ ስለት የእኔ። ባለቤቴ በዓይኑ «ይምጣ» ይለኛል፤ እሱ የጂፑን ቀን አይረሳም። የደሴቲቱ ታንኳኞች መቅዘፊያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠዋል።

«ወንድሜ» አልሁት፣ «አንተ ባትኖር ይቺ ልጅ የለችም። ስለዚህ ነገ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። የምጠራው ግን አንተን ነው፤ ጠመንጃውን አይደለም።»

«ባዶ እጄን ምን ላደርግልሽ ነው?» አለ። ቁጣ አልነበረም፤ የምር መጠየቁ ነው። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ሚስቱ ናት የመለሰችለት። ወደ ቤት ገብታ የዘይት ጣሳ ይዛ ወጣች፤ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ትልቅ ቆርቆሮ። አቀበለችው። «ይኸው። ሃምሳ አለቃነትህን በዚህ አሳይ» አለችው። ታንኳኞቹ ሳቁ። እሱ ግን ጣሳውን ገልብጦ አየው።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጠመንጃውን የጦር ሰፈሩ ግምጃ ቤት አስረክቦ መጣ። ታንኳዎቹ ተሳስረው ነበር። ደንገሉ ደርቆ ስለሰነበተ ውሃ ሲነካው ይንጣጣል። እኔን መካከል አስቀመጡኝ፤ ልጄ በነጭ ተጠቅልላ ደረቴ ላይ ናት። የክርስትና እናቷ ከጎኔ ከበሮ ይዛ ተቀመጠች። ባለቤቴ ሬዲዮውን በላስቲክ ጠቅልሎ አቅፎታል። ሃምሳ አለቃው ከፊት ነው። ታንኳው ገና ከዳር ሲለቅ በሁለት እጁ የደንገሉን ጠርዝ ጨመቀ።

«ምነው?» አሉት ከኋላ ሆነው የሚቀዝፉት ሽማግሌው።

«ዋና አላውቅም።»

«ያንን ሰው እንዴት አድርገህ ነው ታዲያ ያወጣኸው?»

«እግሬ መሬት ይነካ ነበር።»

«አሁን አይነካም። ጣሳህን ምታ።»

ጠባቡ ውሃ ጋ ስንደርስ ሁሉም መምታት ጀመረ። የክርስትና እናቷ ከበሮዋን እየመታች የእመቤታችንን መዝሙር አነሣች። እኔ በልቤ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» እላለሁ። ልጄ ተኝታለች።

በቀኝ በኩል ብቅ አለች። ቅርብ ነበረች። ትከሻዋ ላይ ቁስሉ ይታያል፤ ቀይ ነው፤ ዝንብ ወሮታል። ልጇ ከኋላዋ አለ። አስተዋልኋት፤ ልጇን ከእኛ ጋርዳው ነው የቆመችው። እኔም ሳላውቀው ልጄን ወደ ግራ ጎኔ አዙሬ ነበር። ሃምሳ አለቃው መምታቱን አቆመ። ጣሳው ጉልበቱ ላይ ሆኖ ቁስሉን ያያል።

«ምታ እንጂ!» አሉት።

«ትድናለች?» አለ።

«አንተ ከመታህ ትሄዳለች፤ ከሄደች ትድን ይሆናል። ምታ!»

መታ። እንደዚያ ሲመታ ሰው አይቼ አላውቅም። ጉማሬዋ አፏን ከፍታ አየችን፤ ከዚያ ልጇን ይዛ ወደ ደንገሉ ዞረች፤ ውሃው ተዘጋባት። ታንኳኞቹ ቀዘፉ። ደሴቲቱ ጋ እስክንደርስ አላቆሙም።

ልጄ በኅዳር ጽዮን ተጠመቀች። ማተቧ ታሰረላት። እኔም ከሰማንያ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ደጁ ላይ ተንበርክኬ መሬቱን ስስም ለእመቤታችን ያልኋት «ደረስሁ» ብቻ ነው።

ጾም ነበርና የደሴቲቱ ሰዎች በዳቦ፣ በሽሮና በጠላ ተቀበሉን። ያ ክንዱ የተሰበረው ሰው ክንዱን አንጠልጥሎ ከእኛ ጋር ተሻግሮ ነበር፤ ለሃምሳ አለቃው ጠላ እየቀዳ «ይኸ በግራ እጅ የተቀዳ ነው፤ የቀኙን አንተ ታውቀዋለህ» ይለዋል። ሃምሳ አለቃው ይጠጣል፤ ሌላ ምን ያድርግ።

ቀትር ላይ ባለቤቴ ሬዲዮውን ከፈተ። ያ የዓለም ሸንጎ ወስኗል። ወራሪው በተቆረጠለት ቀን ካልወጣ ጦር ያላቸው አገሮች በኃይል ያስወጡት ተባለ። የእኛም አገር ሰው እሺ ካሉት ጋር እጁን ማውጣቱ ተነገረ።

«እንግዲህ ተስማሙ» አለ ባለቤቴ።

ሃምሳ አለቃው ጣሳው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ጦር ያላቸው ሲሄዱ፣ የቆሰለችውን ማን እንደሚሸኛት ተነጋግረዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ሬዲዮው ስለዚያ ምንም አላለም። ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ለእኛ የተቀመጠ ሸንጎ መኖሩን አልሰማሁም። የጦር ሰፈሩ በአንድ ቀን ተፈታ፤ ወታደሩ በየአቅጣጫው ሄደ። አንድ ጧት ሃምሳ አለቃው ከሚስቱ ጋር አጥራችን በር ላይ ቆመ። ጠመንጃውን ይዟል። በየብስ ቢሄድ ማንም ሊገድለው ይችላል፤ የሚያሳድደው ብቻ ሳይሆን የሚፈራውም። ባለቤቴ ወደ ሽማግሌው ታንኳ ሠሪ ሮጠ። እኔ ልጄን አቅፌ ከእነሱ ጋር ወደ ዳሩ ወረድሁ።

የደሴቲቱ ታንኳኞች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ያ ክንዱ የተሰበረው ነው፤ ክንዱ ጠግኗል። ሽማግሌው መጡና ሃምሳ አለቃውን ከራሱ እስከ እግሩ አዩት።

«የምለውን ታውቃለህ» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያ።»

ጠመንጃውን ጥይቱን አውጥቶ ለባለቤቴ ሰጠው። ባለቤቴ በማግስቱ ከተማዋን ለያዙት አዲሶቹ ታጣቂዎች አስረክቦታል። ሚስቱ መጀመሪያ ገባች። ልጄን ሳመቻት፤ ልጄ ማተቧን ይዛ ትጎትትባታለች። ክንዱ የጠገነው ሰው መቅዘፊያውን አነሣ። ማንም አላስማለውም፤ ማንም እጁን አላወጣም።

ሃምሳ አለቃው አንድ እግሩን ታንኳው ላይ አድርጎ ዞረ። ጠባቡን ውሃ ያያል። ጉማሬዋ እንደሌለች ያውቃል፤ ከገና ወዲህ ማንም አላያትም።

«እህቴ» አለኝ፣ «ያ ጣሳዬ እናንተ ዘንድ ነው?»

ነበር። ውሃ እቀዳበት ነበር። ሮጬ አመጣሁና ደፍቼ አቀበልሁት።